ስለ ታሸገው የያምሮት መድኃኒት ቤትና «ዘረፈች» ስለ ተባለው ቃል

ለክቡር የመድኃኒት ዋጋ አገናኞች ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ቀለም ሁሉም ደኅና ናቸው? የሰማይና የምድር ጌታ ጤናዎን እንደ ውሎ አበልዎ ሳያጓድል ያድርስልዎ፣ ከፈተና ይጠብቅዎ፣ ከስብሰባ ግን አይለይዎ እያልን ከማንኩሳ እጅ እንነሣለን። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ደኅንነታችን በአሁኑ ሰዓት በክቡርነትዎ ማኅተም ታሽጎ ስለሚገኝ፣ ያለ ፈቃድ ደኅና ነን ብዬ መመሪያ እንዳልጥስ ሰግቻለሁ።

እኔ ማንኩሳ ላይ ጉባኤ ዘርግቼ ቅኔ የማስተምር መሪጌታ ክንፈሚካኤል ባምላኩ ነኝ። ሰሞኑን ከጽሕፈት ቤትዎ በተላከልኝ የጥሪ ወረቀት፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ መድኃኒት ቤት ያላት ፋርማሲስት ያምሮት በተከሰሰችበት ጉዳይ «ዘረፈች» የሚለውን ቃል ለኮሚቴው እንድተረጉም በመጪው ሐሙስ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ስለ ተሰጠኝ ክብር ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ጠጉሬ እስኪሸብት ቅኔ ሳስተምር ከመሥሪያ ቤት መጥቶ የአንዲት ቃል ትርጉም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አሁንም የጠየቃችሁኝ መድኃኒት ቤቱን ካሸጋችሁ በኋላ መሆኑ ትንሽ ቢዘገይም፣ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። የኮሚቴው ክፍል ጠባብ፣ የእኔም ድምፅ ደካማ ስለሆነ፣ መልሴን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ማስቀደም መርጫለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኛ ባላገሮች በየዓመቱ ለጤና መድን እናዋጣና መታወቂያ ይሰጠናል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ (የሚያገኝበትን ቀን የሚያውቀው መድኃኔ ዓለም ብቻ ነው) ውል ወደ ገባ የግል መድኃኒት ቤት ይልከናል። በመድኑና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ደግሞ «አገናኝ» የሚባል ድርጅት ተቀምጧል፤ ባለመታወቂያው ከኪሱ ምን ያህል እንደሚጨምር፣ ለመድኃኒት ቤቱም ምን ያህል እንደሚመለስለት የሚወስነው እሱ ነው። ይህ አገናኝ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ አንድ ተአምር ታይቷል፤ በብዙ መድኃኒት ላይ ባለመታወቂያው የሚከፍለው «ድርሻ»፣ ምንም መታወቂያ የሌለው መንገደኛ ከሚከፍለው ሙሉ ዋጋ በልጦ ተገኘ። ቁራሹ ከእንጀራው ሲበልጥ የሰማነው እስከ ዛሬ በወንጌል ብቻ ነበር።

ለዚህ አገናኝ ልጓም እንዲያስገባለት የተቋቋመው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ሲቋቋም እልል ብለናል፤ በሬ አርደናል ባልልም፣ ጠላ ግን ጠምቀናል። እነሆ ዛሬ ጠላው አልቆ ሥራው ስለ ታየ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቅሬታ ይመስላል የሚል ቢኖር ቃሉን ያጣመመው አንባቢው ራሱ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መጀመሪያው መመሪያዎ አመሰግናለሁ። አገር ሁሉ ስለ አገናኙ ዋጋ አንድ ነገር ይወጣል ብሎ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ክቡርነትዎ የመድኃኒት ሻጩን አፍ መዝጋት አስቀደሙ። «የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ተገልጋይ ካልጠየቀው በቀር፣ ያለ መታወቂያ የሚሸጥበትን ዋጋ አይናገርም» ይላል መመሪያው፤ ምክንያቱንም «ተገልጋዩ እንዳይደናገር» ሲል ያስቀምጣል። እውነት ነው፤ ርካሽ ዋጋ በድንገት የሰማ ገበሬ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ በደስታ ብዛት ልቡ ቢቆም ለልብ የሚሆን መድኃኒት የለንም። የአገራችን ሰው ደግሞ ሐኪምና መድኃኒት ሻጭ ፊት ዋጋ መከራከር ነውር ስለሚመስለው አይጠይቅም። መታወቂያውን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ የተባለውን ከፍሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። መመሪያውን ያረቀቀው ሰው ይህን ጨዋነታችንን ጠንቅቆ ያጠና መሆን አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን እናውቅ ነበር፤ ዋጋውን የደበቀ ግን ጽሕፈት ቤት እንደሚቆምለት የተማርነው ከእርስዎ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ድፍረትዎ አመሰግናለሁ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ፤ አገናኙን ፈርተው ሻጯን መቱ ለማለት ነው። እኔ ግን ከእነሱ ጋር አልተባበርም። አህያው ትልቅ ነው፣ ይራገጣል፣ ቢሮውም ፎቅ ላይ ነው፤ ዳውላው ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ዱላውን ይጠብቃል። አስተዋይ ሰው የቱን ይመታል? ቡሬ ገበያ ላይ የበቆሎ ደላላ በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ሲያገናኝ፣ ዋጋውን ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ይጮኻል፤ ዝም ካለ ሌባ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ያ ምስኪን ደላላ በክቡርነትዎ መመሪያ ቢተዳደር ኖሮ ድምፁን ለጤናው ያተርፍ ነበር።

ሦስተኛ፤ ወደ ያምሮት ልግባ። ያምሮት የገበዝ ማርያም ደብር ልጅ ናት። ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ እዚያ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሷም በልጅነቷ ከጉባኤው ቤት በር እየቆመች ስታዳምጥ፣ ወንዶቹ ዓመት የሚፈጅባቸውን በጆሮዋ ለቅማ ወሰደች። ከዚያ ትምህርት ቤት ገብታ ፋርማሲስት ሆነች። መመሪያዎ በወጣ ሰሞን፣ ከቋሪት ደጋ የወረዱ ሰዎች መታወቂያቸውን ይዘው ስንቃቸውን የሸጡበትን ገንዘብ ሲቆጥሩላት እያየች፣ አፏ በመመሪያ ተለጉሞ፣ ምን ታድርግ? አባቷ ያስተማሯትን አደረገች። የመድኃኒቱን ካርቶን እያስተካከለች፣ ማንንም ሳታይ፣ እንዲህ አለች፦

መታወቅ የሚሻ ዋጋው ይከብዳል፣
ሳይታወቅ የመጣ ቀሎት ይሄዳል።

በአማርኛ የተዘረፈ ስለሆነ ለጉባኤ ባላበቃውም፣ ለመድኃኒት ቤት ቅኔ ግን መጥፎ አይደለም። ሰሙ ስብከት ነው፤ ውዳሴ ከንቱ ፈልጎ በሰው ዘንድ መታወቅን የሚሻ ሰው ኋላ ብዙ ያስከፍለዋል፣ ምግባሩን ሰውሮ የሚኖር ግን ሸክሙ ቀሎለት ወደ አምላኩ ይሄዳል ማለት ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ይህን ሰምቶ የሚቀየም ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ከሰማ ደግሞ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ተከበሩት ተቆጣጣሪዎ እመጣለሁ። ተቆጣጣሪው ወደ መድኃኒት ቤቱ የመጡ ዕለት፣ የገበዝ ማርያሙ አገልጋይ ቄስ ሀብተሚካኤል ለአስማቸው የሚነፋውን መድኃኒት ገዝተው ሲወጡ በር ላይ አገኟቸው። «ባለሙያዋ እንዴት ታስተናግድዎታለች?» ሲሉ ጠየቋቸው። ቄሱ ሰው ማመስገን ይወዳሉ፤ ዓይናቸው በርቶ «ይች ልጅማ ትዘርፋለች እንጂ! እዚችው ቁማ ነው የምትዘርፈው! ምን ይገርማል፣ አባቷም ዘራፊ ነበሩ፤ ከዘር ነው!» አሉ። ክቡር ተቆጣጣሪም ሳይደነግጡ ጻፉ። ሪፖርቱ ከጥሪው ጋር ተያይዞ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ፦ «ተገልጋዩ፣ ባለሙያዋ በሥራ ሰዓት ቆማ እንደምትዘርፍ፣ አባቷም ዘራፊ እንደነበሩና ድርጊቱ በዘር የወረደ መሆኑን አረጋግጠዋል። ተገልጋዩ ዘረፋው ሲፈጸም ‹ይበል! ይበል!› ይሉ እንደነበርም የገለጹ ሲሆን፣ ይህም በማስፈራራት ሳይሆን አይቀርም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ከዓባይ ወዲህ ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ቀን እንኳ የቆመ ሰው፣ ቅኔ እንደሚዘረፍ ያውቃል። ሰው ፊት ቆሞ፣ ከአእምሮው ያልታሰበ አውጥቶ፣ ሳይጽፍ ሳይሰርዝ ቅኔ የሚሰጥ ሰው ዘረፈ ይባላል፤ ሰሚውም ሲጥመው «ይበል!» ይላል። የሚዘርፍ ሰው ከሰሚው የሚወስደው ነገር የለም፤ ይሰጠዋል እንጂ። የሰውን ኪስ ባዶ ማድረግም ዘረፋ መባሉን አልክድም። ሁለቱን ዘረፋ ለመለየት ግን የቅኔ መምህር መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ ሰውየው ሲወጣ ኪሱን መዳሰስ ይበቃል። የያምሮት ደንበኛ ሲወጣ የገበያ ብር ይተርፈዋል። የአገናኙ ደንበኛ ሲወጣ ምን እንደሚተርፈው ለመመርመር ተቆጣጣሪዎ በየትኛው ቀን ፎቅ እንደሚወጡ ብናውቅ ደስ ይለን ነበር።

ምስኪኑ ቄስ ሀብተሚካኤል፣ ባመሰገኑበት አፋቸው የልጅቱን ቤት አሳሸጉ ሲባል ሰምተው፣ ሱባዔ ገብተው ያለቅሳሉ። «አፌ ይቆረጥ፣ ምነው ታስተናግደኛለች ብዬ በቀረሁ!» ይላሉ አሉ። አይቆረጥ አባቴ፤ በዚህ አገር የተዘጋው አፍ ይበቃናል።

አራተኛ፤ መድኃኒት ቤቱን በቀይ ሰም ስላሸጋችሁት አመሰግናለሁ። ሰሙን በር ላይ፣ ወርቁን ውስጥ ማድረጋችሁ፣ ሳታውቁት ወደ ቅኔ ቤት መግባታችሁን ያሳያል። ነገር ግን እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው።

ባለቤቴ ወይዘሮ ሀብትነሽ የሚጥል በሽታ አለባት። ጸበል ጠጥታለች፤ መድኃኒትም ትወስዳለች፤ በሁለቱ መካከል ጠብ የለም። መድኃኒቱን ስትወስድ ደኅና ናት፤ ታርማለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ እኔንም ትቆጣለች። የከተማው ሌሎች መድኃኒት ቤቶች፣ አገናኙ የሚመልስላቸው ገንዘብ የገዙበትን እንኳ አልሸፍን ስላላቸው፣ ይህን መድኃኒት ማምጣት ትተዋል፤ ቡሬም ሄጄ ጠይቄ አጥቻለሁ። ያምሮት ብቻ ታመጣው ነበር። ቤቷ ከታሸገ ወዲህ ሀብትነሽ የቀራትን ለማብቃቃት ግማሽ ግማሹን መዋጥ ጀመረች። ባለፈው ሰንበት ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ወደቀች። ስደርስ ምላሷን ነክሳ አፏ ደም ሞልቶ ነበር፤ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪተዋት ድረስ ያዝኋት። ምድጃው አጠገብ ብትሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። ተቆጥቻለሁ፤ ፈርቻለሁም። ይህን ለመናገር ሰምም ወርቅም አያሻኝም።

አምስተኛ፤ ስለ ጥሪው ብልሃት አመሰግናለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «ዘረፈች ማለት ቅኔ ተቀኘች ማለት ነው» ብል፣ ከዘረፋው ነፃ ትወጣለች፤ ነገር ግን ወዲያው «እንግዲያው ወርቁ ምንድን ነው?» ልትሉኝ ነው። ወርቁን ስናገር፣ በቅኔ ተሸፍና ዋጋ በመናገሯ መመሪያ ጥሳለች ተብላ ፈቃዷን ልትነጥቋት ነው። ወርቁን ደብቄ ስብከት ብቻ ነው ብል ደግሞ ውሸታም መምህር ልሆን ነው፤ ያን ቀን ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ይስቁብኛል። ወጥመዱን ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ማንም ይሁን ግን፣ ቅኔ ቤት ቢገባ ኖሮ ዛሬ ትልቅ ሊቅ ይሆን ነበር።

ስለዚህ መልሴን አሁኑኑ፣ ሙሉውን፣ ሳልሰስት እሰጣለሁ። አዎ፣ ወርቅ አለው። «መታወቅ» ስትል መታወቂያውን ማለቷ ነው። «ዋጋ» ስትል የመድኃኒቱን ዋጋ ማለቷ ነው። መታወቂያህን ካሳየህ ይከብድብሃል፣ ካላሳየህ ይቀልሃል አለች። ይህን ሰምቶ መመሪያ ተጣሰ ብሎ ብዕሩን የሚያነሣ የኮሚቴ አባል ቢኖር፣ ጥቂት እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ያንኑ የእናንተን መመሪያ ከእኔ ጋር አንድ ጊዜ ያንብብ። «ተገልጋይ ካልጠየቀው በቀር» ይላል።

አሁን የጉባኤ ሥርዓታችንን ልንገራችሁ። ቅኔ ሲዘረፍ ተቀኚው ሰሙን ይሰጣል፤ ወርቁን አይሰጥም። ወርቁን የሚሻ ሰሚ «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳይጠየቅ ወርቁን የሚዘከዝክ ተቀኚ ባለጌ ነው፣ ከጉባኤ ይባረራል። ቄስ ሀብተሚካኤልን አስጠርታችሁ ጠይቋቸው። ልጅቱ ስንኙን ስትል እሳቸው «ይበል!» አሉ፤ ቀጥለውም «ወርቁስ ልጄ?» አሏት፤ እሷም «አባቴ፣ መታወቂያዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉትና ይጠይቁኝ» አለቻቸው፤ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ሌሎቹም ሁሉ እንዲሁ ነው የሆኑት፤ በእኛ አገር ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይጠይቅ የሚያድር ሰው የለም። ስለዚህ ያምሮት ሳትጠየቅ የተናገረችው አንድም ዋጋ የለም። በዚህ ክልል ውስጥ የክቡርነትዎን መመሪያ ከነነጥቡ፣ ከነሰረዙ የፈጸመች ፋርማሲስት ብትኖር እሷ ብቻ ናት፤ ልትሸለም ሲገባት ታሸገችብን።

ከዚህ በኋላ ግን ቅኔው ራሱ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ጥያቄውን አሁን ለሁሉም አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታነብቡ፣ የማታነብቡም ሲነበብላችሁ የምትሰሙ ወገኖቼ፣ መድኃኒት ቤት ስትገቡ፣ መታወቂያችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ «ያለ መታወቂያ ስንት ነው?» በሉ። ነውር አይደለም፤ መመሪያው ራሱ ይፈቅድላችኋል። በመጪው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ማንኩሳ ላይ እኔ እናገራለሁ፤ ለቡሬና ለቋሪት አድባራት የሚናገሩ መምህራንም ቃል ገብተውልኛል። ሕዝቡ ሁሉ ከጠየቀ፣ ሻጩ ሁሉ ይመልሳል፤ ሻጩ ሁሉ ከመለሰ፣ አገናኙ «ድርሻ» የሚለውን ነገር ለማን እንደሚያካፍለው እናያለን። ያኔ ጽሕፈት ቤትዎ ከአገናኙ ጋር እንዲነጋገር የሚገደድበት ቀን ይመጣል፤ ስብሰባ እንደሚወዱ ስለማውቅ ደስ እንደሚልዎ አልጠራጠርም።

ሐሙስ እመጣለሁ። ከላይ ያልሁትን ኮሚቴው ፊት ቃል በቃል እደግመዋለሁ፤ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ከሐሙስ በፊት ይፈታ። ለቃል ትርጉም ሐሙስን መጠበቅ ይቻላል፤ የሀብትነሽ በሽታ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ለክቡርነትዎ የማይናወጥ ወንበር፣ የማይደርቅ ማኅተም፣ የማያልቅ አጀንዳ፣ የሚሰማ ጆሮም እንደ ተጨማሪ፣ ከሁሉም በላይ መታወቂያ የማይጠየቅበት ጤና እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ሁለት ጊዜ፣ ከአንገቴ ደግሞ የማያቋርጥ እጅ በመንሣት፤

ታዛዥዎና አስተርጓሚዎ
መሪጌታ ክንፈሚካኤል ባምላኩ
የቅኔ መምህር፤ ማንኩሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥሪ ወረቀቱን ያደረሰልኝ ሾፌርዎ ክንዱ ጨዋ ልጅ ነው። ጉዳዩ የማን መሆኑን ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ መታሸጉን አልሰማም ኖሯል። ለካ የክቡርነትዎን የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ከያምሮት የሚገዛልዎ እሱ ነው፤ የመድን መታወቂያዎን ኪሱ ውስጥ ትቶ። ሀብትነሽ እስከ ቅዳሜ የሚበቃ ቀርቷታል። የእርስዎን ክንዱ ያውቃል።